«እሺ» ብለን ከመሄዳችን በፊት
ስለ መድኃኒት፣ ስለ መድኃኒት ቤትና ስለ እኛ ስለ ገዢዎቹ

(በአሶሳ ከተማ በነዋሪዎች ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ የመንደራችን የመድኃኒት ባለሙያ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሲባል ከቃል ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



የማኅበራችን አመራር ስለ መድኃኒትና ስለ መድኃኒት ቤት ጥቂት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ትንሽ አመንትቼ ነበር። ምክንያቱም ባለሙያ ነኝ ባይ ቆሞ ሲናገር ሕዝቡን የሚወቅስ ይመስላል። እኔ ግን ዛሬ ከሁሉ በፊት የምወቅሰው ራሴን ነው። ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሁላችንም እንደምናውቀው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው መቆም ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በየቤታችን «አተኮሰኝ፣ አንቀጠቀጠኝ» የማይል የለም። ወባ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና ከ1,100 በላይ ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። እንዲህ ባለው ወቅት ሁላችንም ወደ መድኃኒት ቤት እንሮጣለን። ታዲያ ስንሮጥ ምን እንደምንገዛ፣ ከማን እንደምንገዛና እንዴት እንደምንወስደው እንጠይቃለን ወይ? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

1ኛ/ መድኃኒት ስኳር አይደለም

ስኳር ስንገዛ አይተን፣ ቀምሰን፣ መዝነን እንገዛለን። ጤፍም ቢሆን እፍኝ አንሥተን እናየዋለን። መድኃኒት ግን አይቀመስም፣ አይመዘንም። በውስጡ የተባለው ነገር ይኑር አይኑር በዓይን አይታይም። ጠመኔ ተጠፍጥፎ እንክብል ቢሆን፣ ከእውነተኛው ኪኒን በዓይን ብቻ ለመለየት እኔም ባለሙያው አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚገኙት የሕክምና ምርቶች ከ10 አንዱ ወይ ጥራቱ የጎደለ ወይ የተጭበረበረ ነው። ከ10 አንዱ! ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ነው መድኃኒት ሕግና ሰንሰለት ያስፈለገው። አገራችን በዚህ ረገድ ያወጣችው ሕግ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የፋርማሲ ደንብ ወጥቶ ነበር። በኋላም የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ወጣ። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 661/2002 ተተካ፤ አሁን ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። በዚህ መሠረት አንድ መድኃኒት ወደ አገር ከመግባቱ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳስገባው፣ ለየትኛው መድኃኒት ቤት እንደተሸጠ በሰነድ ይታወቃል ማለት ነው። ለመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሆነውን የሚያከፋፍለው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም እዚሁ አሶሳ ቅርንጫፍ አለው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መድኃኒቱ በየደረጃው በወረቀት እየተቆጠረ፣ ከፀሐይና ከዝናብ እየተጠበቀ ያን ሁሉ መንገድ ይመጣል። የመጨረሻዋ ሦስት ሜትር ግን ከመደርደሪያው እስከ እጃችን ያለችው ናት። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት ብዙ ነገር የሚበላሸው በዚህች በሦስት ሜትር ላይ ነው።

2ኛ/ የራሴ ጥፋት

አሁን ቃል የገባሁትን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጊዜው የወባ ጊዜ ነው፤ ሰው ተሰልፏል፤ እኔም ደክሞኛል። አንዲት እናት የ2 ዓመት ልጅ አዝላ መጣች። የበርታ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው። ወረቀቷን ሰጠችኝ፤ ደሙ ተመርምሯል፤ የወባ መድኃኒት ኳርተም ታዝዞለታል። ለዚያ ልጅ ክብደት የሚበቃው ለ3 ቀን 6 ፍሬ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እኔም በፍጥነት በአማርኛ ነገርኳት። ከዚያም «ገባሽ ወይ እኅቴ?» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ከፈለች፣ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ይዛ ስትመጣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ምን ሆነ? ለካ በቤት ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሯት፤ እነሱንም አተኩሷቸው ስለነበር 6ቱን ኪኒን ለሦስት አካፍላ ሁለት ሁለት ሰጥታቸዋለች። እናት ናትና ለአንዱ ሰጥታ ሌላውን እንዴት ትከልክል? በጥድፊያ ወደ ሆስፒታል ተላከ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዳነ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ ነው ብዬ ራሴን ማጽናናት እችል ነበር፤ ግን አልነበረም። «ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። በገባት ቋንቋ አልነገርኳትም፤ ከተሰለፈው ሰው መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ ጠርቼ አላስተረጎምኩም። «ገባሽ ወይ?» ብዬ መጠየቄ ደግሞ ጥያቄ አልነበረም። «ገባህ ወይ?» የተባለ ሰው «አልገባኝም» ብሎ የሚመልሰው ስንት ጊዜ ነው? ያፍራል። «እሺ» ይላል። «እሺ» ማለት «ገባኝ» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ «አታሰልቸኝ፣ ልሂድልህ» ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። «ገባህ ወይ?» አልልም። «እስቲ ቤት ስትደርስ እንዴት እንደምትሰጠው ንገረኝ» እላለሁ። ደግሞ በፓኬቱ ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ እሥላለሁ። ማንበብ የማይችልም ያነብበዋል። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዛሬ ወደ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ባለሙያው ይህን ካላደረገላችሁ እናንተው አድርጉት። «ቆይ ወንድሜ፣ የነገርከኝን ልድገምልህ» በሉት። ጥሩ ባለሙያ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

3ኛ/ በፓኬቱ ላይ ያለው ቀን የማን ቀን ነው?

ይህን ነገር ከሁሉ አጥብቃችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ከመንደራችን አንድ ሰው በ2016 ዓ.ም. ከአንድ ቦታ የገዛውን የሳል ሽሮፕ አሳየኝና «ባለሙያው፣ ይኼ እስከ ስንት ይቆያል?» አለኝ። ብልቃጡን ተቀብዬ አየሁ። የማብቂያው ቀን 05/2023 ይላል። «አንተስ ምን መሰለህ?» ብለው «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» አለኝ። እንዴ! ያ ሽሮፕ እኮ ግንቦት 2015 ላይ ጊዜው አልፏል።

በመድኃኒት ላይ የሚጻፈው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ አቆጣጠር ከእነሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ስለሚሆን፣ በእኛ ዓመተ ምሕረት ያነበበው ሰው ዘመኑ ያለፈውን መድኃኒት ገና አዲስ ነው ብሎ ይገዛዋል። ሻጩም ሐቀኛ ካልሆነ በዚህ ይጠቀማል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ልጆቻችሁን አስተምሩት።

ሀ/ በመጀመሪያ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ፈልጉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው የማብቂያ ቀን ነው። ከኤም፣ ኤፍ፣ ጂ ወይም ኤም፣ ኤፍ፣ ዲ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የተሠራበት ቀን ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ።

ለ/ የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ። ለምሳሌ 03/2027 ቢል በእኛ 2019 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ ነው።

ሐ/ የወሩ ቁጥር ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። ለምሳሌ 11/2027 ቢል በእኛ 2020 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ነው። 9 ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ገና የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ስለሆኑ ጠንቀቅ በሉ።

መ/ ወርና ዓመት ብቻ ከተጻፈ እስከዚያ ወር መጨረሻ ድረስ ያገለግላል ማለት ነው።

ስሌቱ ያስቸገረው ሰው ደግሞ ባለሙያውን «በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው የሚያበቃው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጻፍልኝም ይበል። ቀኑ የተፋቀበት፣ የተሰረዘበት ወይም በሌላ ወረቀት የተሸፈነበት መድኃኒት ከሆነ በርካሽም ቢሆን አይገዛ። ፍሬ ተቆርጦ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ቀኑ በሌላው ጫፍ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ዋናውን ፓኬት አሳየኝ ማለት ይገባል።

4ኛ/ ደህና መድኃኒት ቤት በምን ይታወቃል?

ይህን ስል ማንንም በስም ለማማት አይደለም። በከተማችን በሐቅ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ዓይኔ አይቷል። ሆኖም ገዢው የሚመለከታቸው ምልክቶች አሉ፤

— የሥራ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ይታያል ወይ? ፈቃዱስ ታድሷል ወይ? ፋርማሲና የመድኃኒት መደብር ደረጃቸው የተለያየ ነው፤ የሚሸጡት የመድኃኒት ዓይነትም እንደ ደረጃቸው ነው።

— መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያው ነው ወይስ ለሥራ ተልኮ የመጣ ልጅ? ነጭ ጋውን መልበስ ብቻውን ባለሙያ አያደርግም። «ባለሙያው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

— ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው ወይ? እዚህ አሶሳ በየካቲትና በመጋቢት ከቆርቆሮ ሥር ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቆየት የለበትም። ስለዚህ በደህና መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ የሙቀት መለኪያ ይኖራል። ካርቶኖቹም ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ተደርገው ይቀመጣሉ።

— ማቀዝቀዣ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጋሉ? እንደ ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶች እስኪከፈቱ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ። በማቀዝቀዣው ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ለስላሳና ሥጋ ተቀምጦ ካያችሁ ነገሩን ጠርጥሩት።

— ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ደረሰኝ የግብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ችግር ቢያመጣ ከየት እንደተገዛ የሚያሳውቀን እሱ ነው።

— የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል ወይ? «ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ስንለው ያለ ወረቀት ቆጥሮ የሚሰጠን ሰው የረዳን ይመስለናል፤ ግን አልረዳንም። ሁለት ፍሬ ጀርሙን አይገድለውም፤ ያለማምደዋል እንጂ። ነገ ልጃችን የሳንባ ምች ሲይዘው ያው አሞክሳሲሊን እምቢ ይላል።

በወባ መድኃኒትም ነገሩ ያው ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት ወባ በብዛት አለ፤ የሁለቱም መድኃኒት ይለያያል። ስለዚህ ሳይመረመሩ መግዛት ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው። የወባ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ መሆኑንም አትርሱ። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ኳርተም እየወሰደ በ3 ቀን 24 ፍሬ ይጨርሳል። ሁለተኛው የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ደግሞ ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል። ትኩሳቱ በመጀመሪያው ቀን ሲለቅ «ዳንኩ» ብሎ የቀረውን ለመጪው ዓመት ማስቀመጥ በሽታውን ማሳደር ነው። አሁን በአፍሪካ፣ በአገራችን ጭምር፣ መድኃኒቱን የመልመድ ምልክት ያላቸው የወባ ተሐዋሲያን ታይተዋል። ይህን መድኃኒት ካጣን ምን ይተርፈናል?

5ኛ/ በጆንያ የሚመጣ መድኃኒት

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። እኛ የምንኖረው ድንበር አጠገብ ነው። ኮንትሮባንድ ልብስና ሳሙና ብቻ አያመጣም። የጸጥታ ችግር በነበረባቸው ዓመታት መንገድ ሲዘጋና መደርደሪያ ባዶ ሲሆን፣ ሕዝቡ ያገኘውን ከያገኘበት ለመግዛት ተገድዶ ነበር። ችግሩ ሲያልፍ ልማዱ ቀረ። ዛሬም በገበያ ቀን ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር በፀሐይ ላይ የተዘረጋ ኪኒን፣ በሱቅ ከስኳርና ከዘይት ጋር የተደረደረ ካፕሱል የምናይበት ጊዜ አለ።

«ምን አለበት? ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ በዱቤም ይሰጠኛል» ትሉ ይሆናል። አውቃለሁ፤ ድህነት ነው። ግን በጋምቢያ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያች ትንሽ አገር የሕፃናት ሳልና ትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ የጠጡ ሕፃናት ኩላሊታቸው እየተዘጋ ከ60 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። በሽሮፑ ውስጥ ለመኪና ማቀዝቀዣ የሚያገለግል ዓይነት መርዛማ ፈሳሽ መገኘቱን የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አስታወቀ። መርዙ ጣፋጭ ስለሆነ በምላስ አይለይም። ተመሳሳይ መርዝ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሎ፣ በማግሥቱ ዓመት አገሪቱ ጠንካራ የመድኃኒት ሕግ እንድታወጣ ምክንያት ሆኖ ነበር።

ከጋምቢያው ነገር ለእኛ ለመንደር ሰዎች የሚሆነው ትምህርት ይኼ ነው። ችግሩ ከታወቀ በኋላ ሽሮፑን ከየቤቱ መሰብሰብ አስፈለገ። የቀይ መስቀል ፈቃደኞች ሳይቀሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ብልቃጥ ይለቅሙ ነበር። መድኃኒት ቤት የገዛ ሰው ይገኛል፤ ደረሰኝ አለ፣ በፓኬቱ ላይ የምርት መለያ ቁጥር አለ። ከገበያ ምንጣፍ ላይ የገዛውን ግን ማን ይፈልገዋል? ሻጩስ ነገ የት ይገኛል? ርካሽ የሆነው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂነቱም ጭምር ነው።

6ኛ/ በቤታችን ያለው መድኃኒት ቤት

እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለ፤ ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ ከአልጋ ራስጌ የተንጠለጠለው ማለቴ ነው። እሱንም መፈተሽ ይገባል።

አንደኛ፣ አንድ መድኃኒት ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ፓናዶልና ፓራሲታሞል አንድ ናቸው። ጠዋት ይኼን፣ ከሰዓት ያንን የሚወስድ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይወስዳል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ፣ በላይ መውሰድ ጉበት ይጎዳል። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ምክር አይንካ።

ሁለተኛ፣ በዱቄት መልክ የሚሸጥ የሕፃናት ሽሮፕ በብልቃጡ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ እንደ አሞክሳሲሊን ያለው ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ነው። የተረፈውን ለሚቀጥለው ልጅ ማቆየት አይገባም። በሾርባ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መስፈሪያ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ በቤታችሁ ካለና ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ኢንሱሊኑን የሸክላ ማሰሮ ያቆየዋል። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥና በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ይደረጋል፤ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ውስጥ ይቀመጣል። አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ ይጨመርለታል። እናቶቻችን በእንስራ ውኃ ሲያቀዘቅዙ የኖሩበት ጥበብ ነው።

አራተኛ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ አትጣሉ፤ ምድጃ ውስጥም አትማግዱ።

7ኛ/ ምን እናድርግ?

ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሀ/ በየብሎኩ ፊደል የቆጠሩ ሁለት ወጣቶች ይመረጡ። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ፓኬቱን እያሳዩአቸው በእኛ አቆጣጠር ያስጽፉ። ከተመረጡት መካከል የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋ የሚችሉ ቢኖሩ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው።

ለ/ በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ በጽዳት ዘመቻችን ቀን፣ ጊዜው ያለፈበትና የተረፈ መድኃኒት ከየቤቱ ተሰብስቦ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረን በአግባቡ እንዲወገድ ይደረግ።

ሐ/ አጠራጣሪ መድኃኒት ያየ፣ ወይም መድኃኒት ወስዶ ያልተለመደ ነገር የደረሰበት ሰው ዝም አይበል። ማሳከክ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የወሰደውን መድኃኒት ከነፓኬቱ ይያዝ። ጥቆማ ለመስጠት ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። የመድኃኒት ቤቶችን ፈቃድ ወደሚቆጣጠረው የክልላችን የጤና አካልም መሄድ ይቻላል። ይህ ሰውን መክሰስ ሳይሆን ልጅን ማዳን ነው።

ከዚህ በተረፈ እያንዳንዳችን ከመደርደሪያው ፊት ስንቆም እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ሳንጠይቅ አንሂድ፦ ይኼ መድኃኒት ለምንድን ነው? ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከሌላ ከምወስደው መድኃኒት ወይም ከእርግዝና ጋር ይጣላል ወይ? በእኛ አቆጣጠር መቼ ያበቃል?

ወገኖቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ ደግሞ አለማወቁን የደበቀ፣ መድኃኒት ቢያገኝም አይጠቅመውም እላለሁ። ሕጉ አለ፣ ተቆጣጣሪውም አለ፤ ተቆጣጣሪው ግን በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል? እኛ ገዢዎቹ በየቀኑ እንገባለን። መቶ ገዢ በየቀኑ ቀኑን አሳየኝ፣ ፈቃድህን አሳየኝ፣ ደረሰኝ ስጠኝ እያለ ከጠየቀ፣ ሐቀኛው ይበረታል፤ ሐቀኛ ያልሆነውም ወይ ይታረማል ወይ ይዘጋል።

ያች እናት ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ልጁ አሁን ጎልማሳ ሳይሆን አይቀርም። ያን ቀን «አልገባኝም» ለማለት የሚያስችላት ሁኔታ አላገኘችም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። እናንተ ግን ዛሬ ሰምታችኋል። እንግዲህ ማንም ቢቸኩል፣ ማንም ቢቆጣ፣ ሳይገባችሁ «እሺ» ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት እንዳትወጡ አደራ እላለሁ።